በጦር ክፍሎች መካከል ስላለው የደመወዝና የጡረታ ፍትሕ

(በማኅበሩ ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)





ስለ ድልድይ መሠረት ወይም ስለ ኤሌክትሪክ መስመር እንዲናገር የሚጠበቅ መሐንዲስ ስለ ወታደር ደመወዝና ጡረታ ለመናገር ሲነሣ፣ «ይህ ጉዳይ ምን አገናኘው?» ብሎ የሚጠይቅ ቢኖር ጥያቄው ተገቢ ነው። የእኔም መልስ የሚጀምረው ከአንድ የውሃ መሳቢያ ሞተር ነው።

ጥር 4 ቀን 1966 ዓ.ም. በነገሌ ቦረና የሰፈሩ ወታደሮች በአለቆቻቸው ላይ ተነሡ። ብሶታቸው ከብዙ ጊዜ ጀምሮ የተጠራቀመ ቢሆንም፣ ቁጣቸውን ያገነፈለው የምግቡ መበላሸትና የውሃው መታጣት ነበር። የወታደሮቹ የጉድጓድ ውሃ መሳቢያ ተበላሽቶ ሳለ፣ መኮንኖቹ ከራሳቸው ጉድጓድ እንዲቀዱ አልፈቀዱላቸውም። ነገሩን እንዲያጣሩ ከአዲስ አበባ የተላኩት የምድር ጦር አዛዥ ሌተና ጄኔራል ድረሴ ዱባለ በወታደሮቹ እጅ ተይዘው፣ ወታደሩ የሚበላውን እንዲበሉ፣ የሚጠጣውንም እንዲጠጡ ተደረገ።

በዚህ አዳራሽ ከተቀመጥነው መካከል ያንን መሳቢያ በአንድ ቀን ጠግኖ ሥራ ለማስጀመር የሚያቅተው ያለ አይመስለኝም። ነገር ግን ወታደሩን ያስቆጣው የብረቱ መሰበር ብቻ አልነበረም። በአንድ ሰፈርና በአንድ ሰንደቅ ዓላማ ሥር ሁለት ጉድጓድ መኖሩን፣ አንዱም ለእርሱ የተከለከለ መሆኑን ማየቱ ነበር።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ሁላችንም እናውቃለን። በየካቲት ወር የደብረ ዘይት አየር ኃይል ባልደረቦች፣ አስከትሎም በአሥመራ የነበረው ሁለተኛ ክፍለ ጦር፣ እንዲሁም ሌሎች ክፍሎች የደመወዝና የኑሮ ጥያቄያቸውን ይዘው ተነሡ። የአንዱ ክፍል ጥያቄ በጦሩ የሬዲዮ መገናኛ ለሌላው ይደርስ ስለ ነበረ፣ እያንዳንዱ ክፍል የራሱን ኑሮ ከጎረቤቱ ኑሮ ጋር ለማነጻጸር ጊዜ አልወሰደበትም። የካቲት ሳያልቅም የጠቅላይ ሚኒስትር አክሊሉ ሀብተ ወልድ ካቢኔ ሥልጣኑን ለቀቀ። ሰኔ 21 ቀን 1966 ዓ.ም. በአራተኛ ክፍለ ጦር የተሰበሰበው ኮሚቴ የወሰደው ስም «የጦር ኃይሎች፣ የፖሊስ ሠራዊትና የብሔራዊ ጦር አስተባባሪ ኮሚቴ» የሚል ነበር። ስሙ ራሱ የክፍሎች ዝርዝር መሆኑ በአጋጣሚ የመጣ አይመስለኝም፤ የትኛውም ክፍል ሌላው እንዲወክለው አልፈለገምና።

ከዚያም አሥራ ሦስት ዓመት ቀደም ብሎ ተመሳሳይ ምልክት ታይቶ ነበር። በታኅሣሥ ወር 1953 ዓ.ም. ክብር ዘበኛው በአዛዡ በብርጋዴር ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይ እየተመራ መፈንቅለ መንግሥት ሲሞክር፣ ምድር ጦርና አየር ኃይል ከዙፋኑ ጎን ቆመው ሙከራውን አከሸፉ። በሁለቱ መካከል የነበረው ፉክክር የቆየ ነበር። ሙከራው በከሸፈ በጥቂት ወራት ውስጥ፣ በዚያው በ1953 ዓ.ም.፣ ምድር ጦሩ የደመወዝ ጭማሪ ጠየቀ፤ ተፈቀደለትም። እንዲህ ያለው ጭማሪ የሥራን ዋጋ በመመዘን ሳይሆን ጉልበትን በማየት የተሰጠ በመሆኑ፣ ለሌሎቹ ክፍሎች ሁሉ ያስተማራቸው ትምህርት አንድ ነው፤ ዝም ያለ ይረሳል፣ የጮኸ ያገኛል የሚል።

አብዮቱን ያመጣው የወታደር ደመወዝ ብቻ ነው ለማለት አይደለም። የመሬቱ ጥያቄ፣ የወሎ ረኃብ፣ የኑሮ ውድነቱና የተማሪው ንቅናቄ የየራሳቸው ድርሻ ነበራቸው። የእኔ አስተያየት ከዚያ የጠበበ ነው። ሰው በደመወዙ ማነስ ያዝናል፤ ከአጠገቡ ያለው ባልታወቀ ምክንያት ሲበልጠው ግን ይቆጣል። ስለዚህ ዛሬ የማነሣው ወታደር ስንት ይከፈለው የሚለውን አይደለም፤ እግረኛው፣ አየር ኃይሉ፣ ባሕር ኃይሉና ቴክኒሺያኑ እርስ በርሳቸው በምን ሚዛን ይመዘኑ የሚለውን ነው።

፩. ሦስት መለኪያዎች

በየትኛውም አገር የጦር ክፍያ የሚለካው በሦስት ነገሮች ነው፤ በማዕረግ፣ በሙያና በመከራ።

ማዕረግ ስንል ኃላፊነትንና የአገልግሎት ዘመንን ማለታችን ነው። ሙያ ስንል ለመሠልጠን የፈጀውን ጊዜና ከጦሩ ውጭ በገበያ የሚያወጣውን ዋጋ እንጨምራለን። መከራ ስንል ደግሞ አደጋውን፣ ብርዱንና ሐሩሩን፣ ከቤተሰብ መለየቱን፣ የእንቅልፉን እጦት ማለታችን ነው።

ችግሩ ሦስቱ በአንድ ሰው ላይ በእኩል መጠን የማይገናኙ መሆናቸው ነው። አብራሪው ማዕረግም፣ ሙያም፣ አደጋም አለው። የራዳር ቴክኒሺያኑ ሙያው ከፍ ያለ ሆኖ አደጋው አነስተኛ ሊሆን ይችላል። መርከበኛው ሰላም በሆነበት ዘመን እንኳ ከቤቱ ወራትን ይርቃል። የእግረኛው ማዕረግ ዝቅተኛ ነው፤ ሙያውም በገበያ ዋጋ አያወጣም፤ የመከራው ድርሻ ግን ከሁሉ ይበልጣል። እንግዲህ ደመወዙን በማዕረግ ብቻ ብንለካ ቴክኒሺያኑ ይጎዳል። በሙያ ብቻ ብንለካ እግረኛው ይጎዳል። በመከራ ብቻ ብንለካ ደግሞ ጦሩ የሠለጠነ ሰው አያገኝም።

እኛ መሐንዲሶች ሜትርን ከኪሎ ግራም ጋር ደምረን ውጤት አናወጣም። ሦስቱን መለኪያዎች በአንድ የደመወዝ ቁጥር ውስጥ አድበስብሶ መክተትም ያው ስሕተት ነው። የተደበላለቀ ቁጥር ሊመረመር አይችልም፤ የማይመረመር ቁጥር ደግሞ ሐሜትን ይወልዳል። መፍትሔው ሦስቱን ለየብቻ ለክቶ፣ ለየብቻ መክፈልና ለየብቻ መግለጽ ነው።

፪. የአንድ ሠንጠረዥ ታሪክ

ይህን በተግባር ለማየት የአሜሪካን ልምድ መመልከት ይጠቅማል። ልምዱን የማነሣው እንከን የሌለበት ሆኖ ሳይሆን፣ ስሕተቱም እርማቱም በጽሑፍ ተመዝግቦ የሚገኝ በመሆኑ ነው።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. ከ1942 በኋላ፣ የአንድ ተራ ወታደር መነሻ ደመወዝ በወር 50 ዶላር ነበር። በአውሮፕላን የሚበር የመነሻውን 50 በመቶ፣ ማለትም 25 ዶላር ይጨመርለታል። በፓራሹት የሚወርደው ተራ ወታደር 50 ዶላር ስለሚጨመርለት ደመወዙ እጥፍ ይሆናል፤ መኮንን ከሆነ ጭማሪው 100 ዶላር ነው። በጭቃ ውስጥ እየተሳበ ምሽግ የሚይዘው እግረኛ ግን፣ ከሁሉ የበለጠውን ሙትና ቁስለኛ የሚያስመዘግብ ሆኖ ሳለ፣ ስለ እግረኛነቱ የሚጨመርለት ምንም አልነበረም። ቅሬታው ከግንባር እየበረታ በመምጣቱ፣ እ.ኤ.አ. በሰኔ 1944 የውጊያ እግረኛ ምልክት ለተሸለመ ወታደር በወር 10 ዶላር እንዲጨመርለት በሕግ ተወሰነ። አሥር ዶላር ምሽግ ውስጥ ላለ ሰው ምን ይገዛለታል? ቁም ነገሩ ግን መንግሥቱ የእግረኛው መከራ እንደሚታየው በሕግ ማረጋገጡ ነበር።

ከጦርነቱ በኋላ ጉዳዩን የሚያጠና ኮሚሽን ተሰይሞ፣ እ.ኤ.አ. በ1949 አዲስ የደመወዝ ሕግ ወጣ። የሕጉ ፍሬ ሐሳብ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ምድር ጦርም ይሁን ባሕር ኃይል፣ አየር ኃይልም ይሁን የማሪን ጦር፣ የማዕረጉ ስም የተለያየ ቢሆንም፣ ተመጣጣኝ ደረጃና እኩል የአገልግሎት ዘመን ያለው ሁሉ ከአንድ ሠንጠረዥ አንድ ዓይነት መነሻ ደመወዝ ያገኛል። ሁለተኛ፣ የበረራና የመሳሰሉት የአደጋ ክፍያዎች በመቶኛ መታሰባቸው ቀርቶ በተቆረጠ ገንዘብ ሆኑ። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2019 የሕዋ ጦር የሚባል አዲስ ክፍል ሲቋቋም እንኳ ለእርሱ የተለየ ሠንጠረዥ ማዘጋጀት አላስፈለገም፤ የነበረው በቂ ነበርና።

ከመነሻው በላይ የሚታከሉት ልዩ ክፍያዎች ዛሬ ከ60 በላይ ዓይነት ደርሰዋል። ከእነዚህ መካከል አንዱን ብቻ ልጥቀስ። አደጋ በሚያሰጋ ቀጠና ለሚገኝ ወታደር የሚከፈለው አበል በወር እስከ 225 ዶላር ሲሆን፣ ለጄኔራሉም ለተራ ወታደሩም፣ ለአየር ኃይሉም ለእግረኛውም መጠኑ አንድ ነው። ጥይት ማዕረግ አይጠይቅምና ሕጉም አልጠየቀም።

ከዚህ ጋር የሕንድን አሠራር እናነጻጽር። በሲያቺን የበረዶ ግግር ላይ ለሚሰፍሩ ወታደሮች የሚሰጠው አበል እ.ኤ.አ. በ2017 ሲሻሻል፣ ለመኮንን በወር 42,500 ሩፒ፣ ከመኮንን በታች ላሉት ግን 30,000 ሩፒ ሆኖ ተወሰነ። ለመኮንኑ በመነሻ ደመወዙ ብልጫ መስጠት ማዕረጉን ማክበር ነው፤ ማንም አይቃወመውም። የብርድ ማካካሻ ተብሎ በሚሰጥ ገንዘብ ላይ ብልጫ መስጠት ግን፣ ማዕረጉን ሁለት ጊዜ መክፈልና የአንዱን ሰው ብርድ ከሌላው ብርድ ማስበለጥ ነው። ቀደም ብዬ መለኪያዎች ሲደበላለቁ ያልኩት እንዲህ ያለውን ነው።

፫. ጡረታ የደመወዝ ጥላ ነው

በደመወዝ ላይ የተሠራ ስሕተት በጡረታ ላይ ዕድሜ ልክ ይከተላል። ይህም የሚሆነው በብዙ አገሮች የጡረታ አበል የሚሰላው በመነሻ ደመወዝ ላይ ብቻ በመሆኑ ነው። የበረራ፣ የበረሃ፣ የሙያ አበል በስሌቱ አይገባም።

ለምሳሌ ያህል በእጃቸው በወር እኩል 10,000 ብር የሚደርሳቸው ሁለት ወታደሮች አሉ እንበል። የአንደኛው መነሻ ደመወዝ 8,000፣ አበሉ 2,000 ነው። የሁለተኛው መነሻ 6,000፣ አበሉ 4,000 ነው። በሥራ ላይ ሳሉ ልዩነት የለም፤ ምናልባትም አንድ ሱቅ ይገዛሉ፣ አንድ ዓይነት ቤት ይከራያሉ። ሁለቱም 20 ዓመት አገልግለው የመነሻቸው 46.5 በመቶ በጡረታ ቢታሰብላቸው፣ የመጀመሪያው 3,720፣ ሁለተኛው 2,790 ብር ያገኛል። የ930 ብር ልዩነት እስከ ዕለተ ሞት ይዘልቃል፤ ከሞት በኋላም ወደ ሚስትና ወደ ልጆች ይተላለፋል። ስለዚህ አንድን የጦር ክፍል በአበል እያባበሉ መነሻውን ዝቅ አድርጎ ማቆየት፣ ዛሬ የሰጡትን በእርጅናው መልሶ እንደ መቀበል ይቈጠራል።

46.5 በመቶ የሚለውን ቁጥር ከአየር ላይ አላነሣሁትም። በ2003 ዓ.ም. የወጣው የመንግሥት ሠራተኞች ጡረታ አዋጅ ቁጥር 714 ካስቀመጠው ስሌት የተገኘ ነው። ያ አዋጅ በ2014 ዓ.ም. በሌላ አዋጅ የተተካ ቢሆንም፣ የስሌቱ ሐሳብ ልንማርበት የሚገባ ስለሆነ እንመልከተው። አሥር ዓመት ያገለገለ ሰው የመጨረሻ ሦስት ዓመት አማካይ ደመወዙ 30 በመቶ ይታሰብለታል። ከአሥር ዓመት በላይ ለሆነው እያንዳንዱ ዓመት ለሲቪሉ 1.25 በመቶ፣ ለመከላከያና ለፖሊስ ባልደረባ 1.65 በመቶ ይጨመራል፤ ጣሪያው 70 በመቶ ነው። መዋጮውም ሲታይ ሠራተኛው በሁለቱም ወገን 7 በመቶ ሲያዋጣ፣ መንግሥት ለሲቪሉ 11፣ ለወታደሩና ለፖሊሱ 25 በመቶ ያዋጣል።

ይህ 0.40 የሆነ ልዩነት ምን ይሠራል? እርሳስ አንሥቼ ሳሰላው የሚከተለውን አገኘሁ። ሠላሳ ዓመት ያገለገለ ሲቪል 30 ሲደመር 25፣ በጠቅላላው 55 በመቶ ያገኛል። ሃያ አምስት ዓመት ያገለገለ ወታደር ደግሞ 30 ሲደመር 24.75፣ በጠቅላላው 54.75 በመቶ ያገኛል። ሁለቱ ሊተካከሉ የቀራቸው ሩብ በመቶ ብቻ ነው። በሌላ አነጋገር፣ ወታደሩ በዕድሜና በድካም ምክንያት አምስት ዓመት ቀድሞ ቢወጣ ከሲቪሉ እንዳያንስ ስሌቱ ይጠብቀዋል ማለት ነው። ይህ በችሮታ የተሰጠ ብልጫ ሳይሆን የአካልን ማለቅ በቁጥር ያሰበ ሕግ ነው።

ይሁንና ሕጉ «ወታደር» ሲል ሁሉንም በአንድነት ነው የሚያየው። በቢሮ የሚሠራው የሒሳብ ሹም፣ በሃንጋር ያለው መካኒክና በተራራ ላይ ያለው እግረኛ ለእያንዳንዱ ዓመት ያው 1.65 ይታሰብላቸዋል። በወረቀት ላይ ፍጹም እኩልነት ነው። በተግባር ግን ሦስቱ ሃያ አምስት ዓመት ለመሙላት ያላቸው ዕድል እኩል አይደለም፤ የእግረኛው ጉልበትና ወገብ አስቀድሞ ያልቃልና።

አሜሪካኖቹ በዚህ ረገድ ለረጅም ጊዜ የተሳሳቱት ስሕተት አለ። በቀድሞው ሕጋቸው 20 ዓመት የሞላው የመነሻውን 50 በመቶ ወዲያውኑ ያገኛል፤ 19 ዓመት አገልግሎ የወጣ ግን በመደበኛው ሕግ ምንም አያገኝም ነበር። ከሚቀጠሩት ከአምስቱ አራቱ ያህል ያለ ጡረታ ይወጡ ነበር። ሕጉ ለሁሉም ክፍሎች አንድ ቢሆንም ውጤቱ ግን አንድ አልነበረም። በአየር ኃይል ያለው ሰው ብዙውን ጊዜ ቆይቶ ሃያውን ይሞላል። በአብዛኛው ወጣቶችን ቀጥሮ በፍጥነት የሚያሰናብተው የማሪን ጦር ግን ከሁሉ ያነሰ ቁጥር ያለው ነው ለጡረታ የሚያደርሰው። እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ የገቡት በአዲስ ሕግ ይተዳደራሉ፤ የሃያ ዓመቱ ጡረታ ወደ 40 በመቶ ዝቅ ብሎ፣ በምትኩ መንግሥትም የሚያዋጣበት የቁጠባ ሒሳብ ተከፍቶላቸዋል፤ ቀድሞ የሚወጣው ያንን ይዞ ይሄዳል። ከዚህ የምንማረው አንድ ነገር ነው። የሕጉ ቃል እኩል መሆኑ አይበቃም፤ እያንዳንዱ ክፍል ከሕጉ በእውነት ምን እንደሚደርሰው በየጊዜው መቈጠር አለበት።

ሌላው የጡረታ ፍትሕ ጥያቄ በዘመን መካከል ያለው ነው። በእኩል ማዕረግና በእኩል የአገልግሎት ዘመን የወጡ ሁለት ወታደሮች፣ አንዱ ቀደም ብሎ በመውጣቱ ብቻ ከሌላው ያነሰ ጡረታ ይቀበላል። የሕንድ ጡረተኞች ይህን በመቃወም ለብዙ ዓመታት ከታገሉ በኋላ፣ መንግሥታቸው እ.ኤ.አ. በኅዳር 2015 ለአንድ ማዕረግ አንድ ጡረታ የሚለውን መርሕ ተቀብሎ፣ ከሐምሌ 2014 ጀምሮ እንዲታሰብና በየአምስት ዓመቱ እንዲስተካከል ወስኗል። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም በመጋቢት 2022 አሠራሩን አጽንቶታል። ጡረተኞቹ ማስተካከያው በየዓመቱ እንዲሆን ይጠይቁ ስለ ነበረ ክርክሩ ሙሉ በሙሉ አልረካም፤ ቢሆንም የጊዜ ልዩነት ራሱ የፍትሕ ጉዳይ መሆኑ ታውቋል።

፬. የሁለት ጎረቤታሞች ነገር

እዚህ ላይ ከቁጥሩ ወጣ ብዬ አንድ ነገር እንዳወሳ ይፈቀድልኝ። በልጅነቴ በሰፈራችን ሁለት ጡረተኛ ሃምሳ አለቆች ነበሩ። አንደኛው እግረኛ ሆነው በኦጋዴን የዘመቱ፣ ሁለተኛው በአየር ኃይል የአውሮፕላን መካኒክ የነበሩ ናቸው። ማዕረጋቸው አንድ፣ የአገልግሎት ዘመናቸውም ተቀራራቢ ስለ ነበረ፣ የጡረታ አበላቸው ልዩነት እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም። በየወሩም አበላቸውን ለመቀበል አብረው ይሄዱ ነበር።

ይሁን እንጂ ኑሯቸው የሰማይና የምድር ያህል ይራራቅ ነበር። መካኒኩ ከጡረታ በኋላ በአንድ ጋራዥ ተቀጥረው፣ ቆይተውም የራሳቸውን አነስተኛ ጋራዥ ከፈቱ፤ ልጆቻቸውንም አስተማሩ። እግረኛው የአንድ መጋዘን የሌሊት ዘበኛ ሆኑ። ዩኒቨርሲቲ ከገባሁ በኋላ አንድ ቀን በር ላይ አግኝቻቸው፣ «አባባ፣ ጡረታ ላይ ሆነው ደግሞ የሌሊት ሥራ አይከብድዎትም?» ብዬ ጠየቅኋቸው። «ልጄ፣» አሉኝ፣ «የጎረቤቴ እጅ መፍቻ ያውቃል፤ የኔ እጅ የሚያውቀው ጠመንጃ ብቻ ነው። እንግዲህ እጄ የሚያውቀውን እሠራለሁ።» ያሉት በምሬት አልነበረም። በዚህ ሁኔታ ጎረቤታቸውን ሲያሙ ሰምቼ አላውቅም።

ይህ ንግግር ለብዙ ጊዜ በአእምሮዬ ቆይቷል። ሁለቱ እኩል አገለገሉ፣ እኩል ጡረታም ተሰጣቸው፤ ነገር ግን ጦሩ ለአንዱ ዕድሜ ልክ የሚከፍል ሙያ አስታጥቆ ሲያሰናብተው፣ ሌላውን ባዶ እጁን ሸኘው። የሥልጠናው ዋጋ በየትኛውም የደመወዝ ሠንጠረዥ ላይ አልተጻፈም። በሥራ ላይ ሳለ ከፍ ያለ የሙያ አበል የሚከፈለው ያ መካኒክ፣ ሲወጣም ሙያውን ይዞ ይወጣል። በገበያ ዋጋ የለውም ተብሎ አበል የተነፈገው እግረኛ፣ ሲወጣም ያው ገበያ ይጠብቀዋል። ማለትም በአንድ ምክንያት ሁለት ጊዜ ይጎዳል።

፭. ቦርሳው ሲለያይ

ሠንጠረዡ አንድ ሆኖ እንኳ ገንዘቡ ከተለያየ ቦርሳ ሲወጣ ምን እንደሚከተል የሚያሳይ አንድ የቅርብ ጊዜ ምሳሌ አለ። የአሜሪካ የባሕር ጠረፍ ጥበቃ ከጦር ኃይሎች አንዱ ነው፤ ደመወዙም ከሌሎቹ ጋር ከአንድ ሠንጠረዥ ነው። በጀቱ ግን በመከላከያ ሳይሆን በአገር ውስጥ ደኅንነት መሥሪያ ቤት በኩል ያልፋል። እ.ኤ.አ. ከታኅሣሥ 22 ቀን 2018 እስከ ጥር 25 ቀን 2019 ድረስ የመንግሥቱ በጀት ሳይጸድቅ ሲቀር፣ የመከላከያ በጀት አስቀድሞ ጸድቆ ስለ ነበረ የምድር ጦሩ፣ የባሕር ኃይሉ፣ የአየር ኃይሉና የማሪን ጦሩ ደመወዝ አልተቋረጠም። ከ40,000 በላይ የሆኑ የጠረፍ ጥበቃው ባልደረቦች ግን የጥር 15 ደመወዛቸውን ሳያገኙ ቀሩ። ሥራ ግን አልቆመም። ቤርቶልፍ የተባለችው መርከባቸው በዚያው ጥር ወር ለባሕር ኃይሉ ድጋፍ ለመስጠት ወደ ምዕራብ ፓሲፊክ ስትጓዝ፣ በመርከቧ ላይ ያሉት ያልተከፈላቸው፣ የሚያግዟቸው ግን የተከፈላቸው ነበሩ። በየወደቡም ለቤተሰቦቻቸው የምግብ እርዳታ ይሰበሰብ ነበር።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ክፉ ሰው የለም። የጠረፍ ጠባቂውን ለመበደል የወሰነ አልነበረም። በደሉ የመጣው ከአሠራሩ ንድፍ ነው። ለእኛ ለመሐንዲሶች ይህ እንግዳ ነገር አይደለም፤ አንድ ሕንፃ የሚወድቀው የግድ አናጢው በመስነፉ አይደለምና፣ ጭነቱ በማይችለው ምሰሶ ላይ እንዲያርፍ የተነደፈ ከሆነም ይወድቃል።

፮. ተቃውሞውና ሐሳቤ

እንዲህ ያለውን አስተያየት የሚቃወም ጠንካራ መከራከሪያ አለ፤ ሳልጠቅሰው ባልፍ ሐቀኛ አልሆንም። «ጦር የሚዋጋው በሰው ነው፤ ሰው ደግሞ ወደ ተሻለው ይሄዳል። አብራሪውንና የአውሮፕላን መካኒኩን የሲቪል አየር መንገድ ይፈልገዋል፤ የሶፍትዌር ባለሙያውን ኩባንያ ይፈልገዋል። ለእነዚህ በገበያው ልክ ካልተከፈለ፣ ስለ ፍትሕ ስንነጋገር አውሮፕላኑ ሳይነሣ ይቀራል» ይባላል። እውነት ነው። እኔም የምድር ጦር ሃምሳ አለቃና የራዳር ቴክኒሺያን በእጃቸው አንድ ዓይነት ገንዘብ ይግባ አልልም። ቁጥራችን ካልሆነ በቀር ሁኔታችን ከእነርሱ የማይለይ እኛም፣ የሙያችን ዋጋ እንዲከበር ስንጠይቅ የኖርን ሰዎች ነን።

የእኔ ክርክር ልዩነት አይኑር የሚል ሳይሆን፣ ልዩነቱ በስሙ ይጠራ የሚል ነው። ስለዚህም አምስት ነጥቦችን አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ መነሻ ደመወዝ ለሁሉም የጦር ክፍሎች በማዕረግና በአገልግሎት ዘመን ብቻ ከአንድ ሠንጠረዥ ይከፈል።

ሁለተኛ፣ የሙያ ብልጫ የሚሰጠው ለሥራው እንጂ ለክፍሉ አይሁን። በምድር ጦር ያለ የኤሌክትሮኒክስ ቴክኒሺያን የአየር ኃይል መለዮ ስላልለበሰ አይነፈግ፤ በአየር ኃይል ቢሮ ውስጥ የሚጽፍም የአብራሪን አበል አይካፈል። መጠኑም በየጥቂቱ ዓመት ከገበያው ጋር እየተመሳከረ ይታደስ።

ሦስተኛ፣ የመከራ ማካካሻ በማዕረግ አይለያይ። አንድ በረሃ፣ አንድ ክፍያ ይሁን።

አራተኛ፣ አንድ ወታደር ለረጅም ዓመታት ሳያቋርጥ የተቀበለው አበል፣ በከፊልም ቢሆን መዋጮ እየተቈረጠበት በጡረታ ስሌት ይግባ። ወጪ እንዳለው አውቃለሁ፤ ነገር ግን ወጪው ዛሬም አለ፤ የሚከፍሉት ጡረተኞቹ ስለሆኑ ነው የማይታየን።

አምስተኛ፣ ከጦሩ የሚሰናበት ሁሉ፣ በተለይም እግረኛው፣ ከመውጣቱ በፊት በገበያ የሚያገለግል ሙያ መማር የክፍያው አንድ አካል ተደርጎ በሕግ ይታወቅለት።

በዚህ በአምስተኛው ነጥብ ላይ ማኅበራችን ከጎን ቆሞ የሚመለከት መሆን የለበትም። የመጀመሪያዎቹን አራት የሚወስነው ሕግ አውጪው ነው፤ የእኛ ድርሻ አስተያየት መስጠት ብቻ ነው። ለብየዳ፣ ለቧንቧ፣ ለኤሌክትሪክ ዝርጋታ፣ ለውሃ መሳቢያ ጥገና የሚሆን የአጭር ጊዜ ትምህርት ማዘጋጀት፣ ተማሪውን መፈተንና የብቃት ወረቀት መስጠት ግን በእጃችን ያለ ነገር ነው። አባላታችን በየክፍለ ሀገሩ ይገኛሉ፤ ወርክሾፕ ያላቸውም ጥቂት አይደሉም። በመጪው ዓመት ሃያ ተሰናባች ወታደሮችን በሙከራ ተቀብለን ብናሠለጥን፣ ከብዙ ንግግር የበለጠ ሥራ ሠራን ማለት ነው። ይህንንም ጉባኤው በአጀንዳ ይዞ እንዲመክርበት በዚህ አጋጣሚ በይፋ አቀርባለሁ።

ከነገሌ ቦረናው መሳቢያ ተነሥቻለሁና እዚያው ላይ ላብቃ። በዚያ ሰፈር ያለ አንድ ወታደር የተበላሸውን ሞተር እንዲጠግን ተምሮ ቢሆን ኖሮ፣ የዚያን ዕለት ጥሙ ምናልባት በቀለለ ነበር። ሁለተኛው ጉድጓድ የተከለከለው ግን በሞተር መበላሸት አልነበረምና፣ ጥገናው ከወታደሩ ሳይሆን ከሕጉና ከአለቆቹ የሚጠበቅ ነበር። የሙያው ትምህርትና የሕጉ መስተካከል ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው፤ አንዱ ሌላውን አይተካም። እኛ በእጃችን ያለውን እንጀምር።